ተራ ቁጥር አንድ

ለእህቴ፤ ከደባርቅ፣ በኅዳር ወር።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽልኝ? የበየዳ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ያ ደረቅ ሳልሽስ ለቀቀሽ ወይስ እስካሁን ልጆቹን በሳል ነው ከጨዋታ የምትጠሪያቸው? ቤታቸው ያስጠጉሽ ወይዘሮ ወርቄና መሪጌታ ሕሩይ ጤናቸው እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ እናታችንም እኔም ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው፤ የቀረውን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ወረቀቱን አይተሽ እንዳትስቂ። የምሠራበት ማኅበር የበጎ ፈቃድ መመዝገቢያ ቅጽ ነው፤ በጀርባው ነው የምጽፍልሽ። ቢሮው ውስጥ ሞልቶ የተረፈ ነገር ቢኖር ይህ ቅጽ ብቻ ነው፣ የሚሞላው ሰው ጠፍቶ። አምስት ቅጠል ነው፤ አሁን አትገልብጪው። ስትጨርሺ የመጨረሻዋን ብቻ ታያለሽ።

በመስከረም መጨረሻ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የድሮ ደብዳቤዎችሽ ሦስት ሦስት ገጽ ነበሩ። የትኛው ልጅ ፊደል ለየ፣ የትኛው ጠመኔ በላ፣ ወይዘሮ ወርቄ ምን አሉ፣ ሁሉንም ትጽፊልኝ ነበር፤ እኔም ለእናታችን እያነበብኩላት አብረን እንስቅ ነበር። ይኸኛው ግን አራት መስመር ነው። ሰላምታ፣ የእናታችን ጤና፣ አሁንስ መምጣት እፈልጋለሁ የሚል አንድ ቃል፣ ከዚያ ያ ጥያቄ። ከርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ጠመኔ ስትፈልጊ የእናንተን የምዝገባ ዝርዝር አገኘሽ። ያንቺ ስም ተራ ቁጥር አምስት ላይ ነው። ከሁላችሁም በላይ፣ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ግን፣ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ ስም አለ። ይህ ስም የማን ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። ማንበብ አቅቶሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔው እንድነግርሽ ነው የፈለግሽው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ዝም ያልኩሽም ለዚሁ ነው።

ሥራዬን እንዴት እንደምሠራ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ሰው ጆተኒ ቤት የሚገባው ለመጫወት ነው፤ እኔ ሥራ ፈት ለመልቀም ነበር የምገባው። ስለ አገርና ስለ ወገን አላወራም፣ እሱን ሁሉም ሰልችቶታል። አጠገቡ እቀመጥና ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ይህችን ብቻ። ዲግሪውን በላስቲክ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ያስቀመጠ ልጅ ይህን ሲጠየቅ መሬት መሬቱን ያያል። ያኔ ሰማያዊውን ክላሰሬን እከፍታለሁ። ሦስት ወር ብቻ ነው፣ ለምግብ ይሰጣችኋል፣ ሰርተፍኬት አለው፣ ቅጥር ሲመጣም ቅድሚያ የእናንተ ነው እላለሁ። ቅጥሩ መጥቶ አያውቅም። ለምግብ የሚሰጠውም ለሻይ እንኳን እንደማይዘልቅ ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ባዶ ቅጽ ላይ ቀድሞ የሚፈርም ሰው የለም። አንዱ ሌላውን ያያል፣ እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ወደ እኔው ይመለሳል። ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ከቢሮ ሳልወጣ በፊት ተራ ቁጥር አንድ ላይ የራሴን ስም ጽፌ እፈርማለሁ። እኔም እሄዳለሁ እኮ፣ አብረን ነን እላቸዋለሁ። ስሜን ሲያዩ ልባቸው ይሞላል፣ ይፈርማሉ። ዝርዝሩ ሲሞላ ቢሮ እገባና በማስመሪያ አስተካክዬ ራሴን በቀይ እሰርዛለሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ለሌላ ሥራ ተፈልጓል ብዬ እጽፋለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተሰረዝኩ አላውቅም። ካንቺ በቀር ልብ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ የተሰረዘው ስም የወንድምሽ ነው። አልኩልሽ።

አሁን ደባርቅ ውስጥ ስወጣ ብታዪኝ ትስቂ ነበር። ክላሰሩ ከሩቅ ሲታይ መናኸሪያው አጥር ላይ የተደረደሩት ልጆች እግሬ አውጪኝ ይላሉ። ጆተኒ ቤቱ ውስጥ ኳሱ መሐል ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ፣ ተጫዋቾቹ በጓሮ በር ወጥተው። መዝጋቢው መጣ ይባባላሉ። ሌሎቹ፣ አብረውኝ ያደጉት፣ አብረውኝ ኳስ የተጫወቱት፣ እነሱን አንድ በአንድ መዝግቤ ጨርሻቸዋለሁ። አንዱን ለዳባት አረጋውያን ቤት ሊያድስ፣ አንዱን ጤና ኬላ ውሃ ሊቀዳ፣ አንዱን አንቺ ያለሽበት ወረዳ ላክሁ። ግማሾቹ ሲሰለቻቸው ጥለው ሌላ አገር ሄዱ። የቀሩት በመኪና ሲያልፉ ያዩኛል፣ እጃቸውን አያነሱም። ከአስር ሰላት በኋላ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ፤ አስተናጋጁ እንኳን ሻዩን አስቀምጦ ቶሎ ዞር ይላል፣ ወንድም አለው መሰለኝ። ደባርቅ ሰው አላጣችም። የማዋየው ሰው ያጣሁት እኔ ነኝ፣ ያም በእጄ የሠራሁት ነው።

አንቺን ለምን እንደመዘገብኩሽ ደግሞ ልንገርሽ። በመድኃኒት ሙያ የተመረቅሽበት ሥራ እስኪገኝ ወደ በየዳ ሂጂ፣ ትምህርት ያመለጣቸውን ልጆች የሚያስተምር የለም ብዬሽ ነበር። ልክ ነው፣ የሚያስተምር አልነበረም። እኔ ግን አንቺን የላክሁሽ ለእነሱ ብዬ አይደለም። የሐጂ ሸሀቡን ልጅ ሙጂብን ታስታውሺዋለሽ። ዛሪማ ልኬው ወባ ይዞት፣ በሰው ተደግፎ የሊማሊሞን ዳገት በጭነት መኪና ወጣ። በዚያ ሳምንት ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ ሐጂ ሸሀቡ መስጊዱ በር ላይ በሰው ፊት አቆሙኝ። አልጮሁም። አንተ ልጅ፣ የሰው ልጅ ስትመዘግብ ከረምክ፣ እናንተ ቤት ልጅ የለም ወይ አሉኝ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቤት እንደገባሁ አንቺ በረንዳው ላይ ልብስ ስታጥቢ አገኘሁሽና ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ ብዬ ጠየቅሁሽ። እህቴ፣ ያንን ጥያቄ ላንቺም ጠየቅሁሽ። እጅሽ ሳሙና እንደነካ ቀና ብለሽ አየሽኝና ዐይንሽን ወደ መሬት መለስሽ።

ከዚህ የሚብስ አለ። ሰኞ ቀን ነበር፤ አንቺ የምትሄጂው በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነው። ስልክሽ ተበላሽቶ ስለነበር የጎንደሯ አክስታችን መልእክቷን በእኔ ስልክ ላከችው። ጎረቤቷ መድኃኒት ቤት ሊከፍት ነው፣ የተማረች ልጅ ይፈልጋል፣ ቶሎ ላካት፣ ማደሪያዋ እኔ ጋ ነው ትላለች። ዘጠኝ ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። አንቺ ብትቀሪ ሐጂ ሸሀቡ ምን ይላሉ፣ የፈረሙት ልጆችስ ምን ይላሉ እያልኩ። ሦስት ወር ምን አላት፣ ሥራውም ይጠብቃታል ብዬ ራሴን አታለልኩ። አይሱዙው ላይ ስትወጪ ሻንጣሽን ያቀበልኩሽ እኔ ነኝ። ረመዳን ሳይገባ ቤትሽ ነሽ አልኩሽ፣ መልእክቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። አክስታችን ደግማ ስትደውል ሄዳለች አልኳት። ቦታው በአሥር ቀኑ በሌላ ሰው ተያዘ። አሁንም ጠይቄያለሁ፣ አልተለቀቀም፤ ይለቀቃል ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም።

ረመዳን ገባ፣ ወጣም። ስለ ዒዱ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ለእናታችን አላነበብኩላትም። ስልክ አይሠራ፣ ዛሬ ነው ነገ ነው የሚልሽ ሰው የለ፤ ጨረቃዋን ፍለጋ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥተሽ ደመና ሸፈናት። ሠላሳ ሞልቼ ልጹም ብለሽ አደርሽ። እኛ እዚህ ዒድ ሰግደን ጎረቤት ከጎረቤት ስንጠራራ አንቺ ጾመኛ ነበርሽ። በዒድ ቀን መጾም ክልክል ቢሆንም አላህ ያላወቀን ሰው አይዝም፤ እኔ ግን አውቅ ነበርና ራሴን ምን እንደምለው አላውቅም። በማግሥቱ ብቻሽን ሰግደሽ፣ አዲሱን ቀሚስሽን ለብሰሽ ክፍል ገባሽ። ወይዘሮ ወርቄ ምነው ልጄ፣ ዛሬስ ሙሽራ መስለሻል ሲሉሽ በዓላችን ነው ብለሽ አለቀስሽ። እሳቸው ዐቢይ ጾም ላይ ሆነው፣ በቤታቸው ወተት ሳይኖር፣ ሦስት ቤት ዞረው ለምነው ወተት አፈሉልሽ። ለብቻሽ ብለው የገዙልሽን ድስት እስካሁን ማንም እንዳይነካው ከጓዳው ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅሉት ጽፈሽልኛል። ዓመት ሙሉ ሽሮና ድንች ነው የበላሽው፣ እዚያ ለሙስሊም የሚያርድ የለም። ቅጹ ላይ ይህ ሁሉ አልተጻፈም ነበር።

ለዐረፋ አክስታችን መጣች። እናታችንን ልጅሽ ያገኘሁላትን ሥራ የናቀችው ለምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት። እናታችን ምንም አልገባትም። ከዚያ ምን እያለች ነው ብላ ወደ እኔ ዞረች። የሰጠሁትን መልስ አላስታውሰውም፣ ተንተባተብኩ ብቻ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ምግቤን ታቀርብና ወደ ሌላው ክፍል ትሄዳለች። ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር። እኔም ደብዳቤሽን ማንበብ ስጀምር ተነሥታ መምጣቷ አልቀረም፤ በሩ ላይ ቆማ ትሰማና ሲያልቅ ሳትናገር ትመለሳለች። አራት መስመሯን ደብዳቤ ግን ደግመህ አንብብ አለችኝ። ደገምኩላት። መምጣት ትፈልጋለች ነው የሚለው አለችኝ። አዎ አልኳት።

ርዕሰ መምህሩ ተተኪ ሳይመጣ ልጆቹን በትኜ አልለቃትም ማለቱን ነግረሽኛል። ማኅበሩም ያንኑ ነው የሚለው። ስለዚህ ስድስቱን ሳምንት ተተኪ ስፈልግ ከረምኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሥራዬን ሠራሁ ማለት ይቻላል። ደባርቅን ጨርሼ ዳባት ወረድኩ። ያርጋል የሚባል ዲያቆን ልጅ አገኘሁ፣ ዘመዶቹ በየዳ አሉት፣ ይሄድልኛል ብዬ ነበር። እስክሪብቶውን ይዞ አሰበ አሰበና በሦስት ወር የተመለሰ አንድ ሰው አሳየኝና እፈርማለሁ አለኝ። አንድ ሰው እንኳን አልነበረኝም። እስክሪብቶውን አመስግኖ መለሰልኝ፣ በጣም ጨዋ ልጅ ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጥበብ የምትባል ልጅ ራሷ ፈልጋኝ መጣች። መምህርነት ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። ምንም አላስቸገረችኝም፣ ያንን ጥያቄ እንኳን መጠየቅ አላስፈለገኝም። አንዲት ነገር ብቻ አለች፤ እናቴ አሟታል፣ የማስታምማት እኔ ነኝ፣ ሦስት ወር ከሆነ ግን ጎረቤት አደራ ብዬ እሄዳለሁ፣ እርግጠኛ ነህ ሦስት ወር ነው አለችኝ። ስሟን መጻፍ ጀምራለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀረኝ። አዎ ብላት አንቺ በሳምንቱ ቤትሽ ነበርሽ። አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልወጣም። እንደገና ሞከርኩ፣ እህቴ፣ ላንቺ ብዬ ሞከርኩ። ቀና ብላ ጠበቀችኝ። ምዝገባው ትናንት ተዘግቷል፣ እኔ ረስቼ ነው አልኳትና ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩ። ተቆጣችኝ። እስከ ዳባት ድረስ ሥራ ፈትቶ የሚዞር ውሸታም አለችኝ። ትክክል ነው ብያት ተነሣሁ።

በመመለሻዬ መኪና ውስጥ ክላሰሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ያንን ቅጽ ስመለከተው ቆየሁ። የጥበብን ግማሽ ስም የያዘውን ቁራጭ ቀደድኩት። ከሥሩ ሌላ ቅጽ አለ፣ ጠዋት እንደ ልማዴ ተራ ቁጥር አንዱን ሞልቼ የያዝኩት። ለአራት ዓመት በየቀኑ የጻፍኩትን ስም እንደ ሰው ስም ያነበብኩት የዚያን ቀን ነው። ዕድሜ ሃያ ዘጠኝ። የትምህርት ደረጃ ዲፕሎማ። ሌላ ሥራ የለውም። የሚጠብቀው ሰው የለም። ከዚህ የተሻለ ተተኪ የት አገኛለሁ አልኩ፣ ሳቄም መጣ።

ስለዚህ እህቴ፣ ተተኪ ተገኝቷል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሰው እሱ ነው። ክላሰሩንም ለቢሮው አስረክቧል። እስከ ወረዳው ከተማ በሾፌሩ በደርቤ አይሱዙ ይመጣል፣ የቀረውን በእግሩ ይወጣል። መንገድ አልለመደም፣ ጫማውም አዲስ ስለሆነ እያነከሰ ከመጣ አትገረሚ። ፊደል ያስተምራል፣ ሒሳብም እስከ አራተኛ ክፍል ያለውን ይችላል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ያጠናል። ማን ፊደል እንደለየ፣ ማን እንዳልለየ፣ ማን ከኋላ ተቀምጦ እንደሚተኛ ጻፊለት። ጨረቃ የምትታይበትን ጉብታም ጠቁሚው። ደርቤ እስከ ሐሙስ ይጠብቅሻል፣ ከጎኑ ያለው ወንበር ያንቺ ነው። ሰውየው እስከ መኪናው ሸኝቶሽ ይመለሳል።

ትናንት ለእናታችን ተተኪው ማን እንደሆነ ነገርኳት። ከዚያ ሳጥኑን ከፍታ የአባታችንን ጋቢ አወጣችና ለመልእክተኛው ስጠው አለችኝ። እዚያ ቤቱ ብርድ ነው ብላ የለ ልጄ አለች። ቋንጣም ጠቅልላለች፣ የሁለት ወር ይሆናል። ወይዘሮ ወርቄን ያንን ድስት እንዳያወርዱት ለምኚልኝ፣ ባለቤቱ ተቀየረ እንጂ ሃይማኖቱ አልተቀየረም። ማታ እናታችን አብራኝ ተቀምጣ በላች። ወደ ሌላው ክፍል አልሄደችም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ቤት ስትገቢ ያለውን ብቸኝነት አትፍሪው፣ እናታችን ማታ ማታ ያንቺን ፍራሽ ታነጥፋለች፣ ጠዋት ታጥፈዋለች፤ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ሐጂ ሸሀቡን ካገኘሻቸው ሰላም በያቸው። ልክ ነበሩ።

ይቅር በይኝ የሚለውን ቃል በደብዳቤ መጻፍ ነውር መስሎ ታየኝ፣ እሱን አፍ ለአፍ ነው የሚሉት። አሁን የመጨረሻዋን ወረቀት ገልብጪያት። ከአንድ መስመር በቀር ባዶ ናት፣ ከሥሩ የፈረመ ሰው የለም። ቀይ እስክሪብቶውን ቢሮ ትቼዋለሁ።

አላህ የወጣሽበትን መንገድ መግቢያሽም ያድርገው። የለፋሽበትን ከእኛ ሳይሆን ከእሱ ዘንድ አግኚው። ከእናታችን ጋር በሰላም፣ በጤና፣ በሳቅ ያገናኝሽ። አሚን።

ወንድምሽ

ደብዳቤውን ያመጣው ሰው ጨርሰሽ እስክታነቢ ከአጥሩ ውጪ ቆሟል። ውሃ ጠምቶታል፤ ግን ግባ ካላልሽው አይገባም።